በገደሉ አፋፍ የሠሩት የባለፎቁ ሕይወት

ሰፈሩ ሁሉ «ባለፎቁ» እያለ የሚጠራቸው አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 3 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበሩ። ያደጉት በኪራይ ቤት ሲሆን፣ አከራይ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ዕቃ በጋሪ ተጭኖ ስለሚወጣ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ሰባት ቤት ቀይረዋል። «የራሴ ግድግዳ ሳይኖረኝ አልሞትም» ማለት የጀመሩት ያኔ እንደሆነ አክስታችን ይናገራሉ።

ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በ1967 ዓ.ም. በአንድ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ድርጅት በረዳትነት ተቀጠሩ። በስድስት ዓመት ውስጥ የመቆፈሪያ መኪናው ዋና ኦፕሬተር ሆኑ። አፈር ጨብጠው ሲያሹት ከሥሩ ዐለት ይኑር አይኑር ይናገሩ ነበር፤ ብዙም አይሳሳቱም። በበጋ የሚያገኙት አበል ከደመወዛቸው እጥፍ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ግን ማሽኑም አበሉም ይቆማል።

በ1975 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ጸሐፊ ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው እኔንና ታናሽ እህቴን ወልደዋል። የእናታችን ደመወዝ ትንሽ ነበር፤ ሆኖም ወር በገባ ቁጥር ከላዩ ቆንጥረው ባንክ ሳያስገቡ ገበያ አይወጡም። አባታችን በዚህ ይቀልዱባቸው ነበር። «ባንክ ያለ ገንዘብ ማን ያየዋል? ፎቅ ግን ከሩቅ ይታያል» ይሏቸዋል። እናታችንም «ክረምት ሲመጣ የምንበላው ፎቁን ነው?» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

በ1984 ዓ.ም. ከወንዙ በላይ በገደሉ አፋፍ ላይ ቦታ ገዙ። ዋጋው ከሌላው ቦታ በግማሽ ያንስ ነበር። ለምን እንዳነሰ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ለሰው ሲቆፍሩ «እዚህ ላይ ከባድ ነገር አታሳርፉ» እያሉ የሚያስጠነቅቁ ሰው፣ የራሳቸውን አፈር ጨብጠው እንኳ አላዩትም። ምድር ቤቱ ካለቀ በኋላ አንደኛ ፎቅ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ከዓመታት በኋላ ሦስተኛ ጨመሩ። የበጋው አበል በሙሉ ሲሚንቶና ብረት ይሆናል። እኔና እህቴ በተጠገነ ጫማ ትምህርት ቤት ስንሄድ ሰው «የሀብታም ልጆች» ይለን ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት ከምድር ቤቱ መስኮት ሥር ፀጉር የምታክል መስመር ታየች። አባታችን «ልስኑ ሲደርቅ ነው» አሉ። በዓመቱ በሩ አልዘጋ አለ፤ በመላጊያ ላጉት። በሦስተኛው ዓመት ወለሉ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን ማንም ሳይነካው ወደ ወንዙ በኩል መንከባለል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ውስጥ ስለ ቤቱ አይወራም ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ አበሉ ቀረ። የጡረታ ገንዘባቸው ከቀለብ አያልፍም ነበር፤ ሰፈሩ ግን ቤቱን በሚሊዮን እየገመተ ያወራል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት እንደሚያስፈልጋቸው ሐኪሙ ሲነግራቸው ቤቱን ለመሸጥ ወሰኑ።

ደላላው ግድግዳውን አይቶ «ልስንና ሁለት እጅ ቀለም ይበቃዋል። ገዢ የሚገዛው የሚያየውን ነው» አለ። ግድግዳው ተለሰነ፣ ተቀባ። ከሳምንት በኋላ አንድ ፋርማሲስት ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር መጥቶ በዋጋው ተስማማ። ሴትየዋ ምድር ቤቱን ዞር ዞር ብላ ካየች በኋላ አዲሱን ቀለም በእጇ እየዳበሰች «የልጆቹን አልጋ እዚህ ጋ እናደርገዋለን» አለች።

አባታችን በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። በከዘራው ጫፍ ልስኑን ቧጠጡት።

«እዚህ ውስጥ ጣቴ ይገባል» አሉ። «ቤቱ እየሄደ ነው። ልጆች አታስተኙበት።»

ገዢዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። ደላላው «ራስዎን ገደሉ» ብሎ ተከተላቸው።

እናታችን አልተቆጡም። በማግሥቱ የባንክ ደብተራቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በዚያ ቁጠባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ቤተሰቡን አወጡ፤ የሕክምናውንም ከፈሉ። አባታችን አሥራ አራት ወር ኖሩበት። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን የታቀፉትም በዚያ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ከእጥበት ሲመለሱ እናታችንን «ያሾፍኩበት ገንዘብ ነው እያቆየኝ ያለው» አሏቸው።

እናታችን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው «ሊያልቅ ነው» አሉ።

አባታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና እህታቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ለማስተዛዘን የምትመጡ ወዳጆች እናታችን ወዳሉበት የኪራይ ቤት እንድትመጡ እንለምናለን። ወደ ፎቁ ቤት አትግቡ። ከሥሩ ባለው የወንዝ ዳር መንገድም ልጆቻችሁን አታሳልፉ፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቤቱ ድምፅ እያሰማ ነው።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በማይናድ ስፍራ ያኑርልን፤ እናታችንንም ያቆይልን። አሜን።