አጭሩን ሌንስ ገዛሁልሽ

አፍንጮ በር፣ አዲስ አበባ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለምኞት፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤና ዕቃሽን የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የአክበረት ልጅ ሶፊያ ናት። በአውሮፕላን ነው ባሕር ዳር የምትመጣው፤ በመኪና እንዳትሄድ እናቷም እኔም ለምነናታል። በደብዳቤ የጻፍኩት በስልክ ስለማይሆንልኝ ነው። ገና አፌን ስከፍት "እማዬ፣ ሰላም ነው" ብለሽ ትዘጊያለሽ።

በቅድሚያ ስለዚያች ወፍ ላውራሽ። በቴሌግራም የላክሽልኝን፣ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ላይ የቆመችውን ነጭ ወፍ ማለቴ ነው። ቆንጆ ናት። ባንክ ውስጥ የሰው ብር ስትቆጥሪ ውለሽ ካሜራሽን ይዘሽ ንፋስ መቀበልሽንም አልጠላሁትም። ግን ከወፏ ኋላ አንድ ሰውዬ አለ። አይተሽዋል? ደብዝዟል፣ ፊቱ አይለይም፤ ወደ አንቺ ዞሮ ቆሟል፣ ትከሻው ላይም ረጅም ነገር ይዟል። ወፏን ያየኋት የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የማየው እሱን ነው። ስልኩን በጣቴ እየለጠጥኩ ላቀርበው ስሞክር ይባስ ይጠፋብኛል።

ይሄን በሆዴ ይዤ ሳለ ነው "ወፎቹ ስጠጋቸው ይሸሹኛል፤ ረጅም ሌንስ ግዢልኝ፣ ያገለገለና ርካሽ ይሁን" ብለሽ ገንዘቡን የላክሽው። ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ፒያሳ እንደምታውቂያት አይደለችም፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ ዝናብ ሲመጣ የምንጠለልባቸው ደጃፎች የሉም፣ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ የቆመ ይመስለኛል። ቸርችል ጎዳናን ትንሽ ወረድ ብሎ ዘርኡ የሚባል ካሜራ የሚሸጥና የሚጠግን ሰው አለ፤ የሚስቱን ቀሚሶች የምሰፋው እኔ ነኝ።

"አደይ የሺዓለም፣ በዚህ ዕድሜ ካሜራ ጀመሩ?" ብሎ ሳቀብኝ።

"የጀመረችውስ ልጄ ናት። እኔ የጀመርኩት ፍርሃት ነው" አልኩት።

ባንኮኒው ላይ ሁለት ሌንስ አስቀመጠልኝ። ረጅሙ ቴርሞስ ያክላል፤ አጭሩ የሻይ ብርጭቆ እንኳን አይሞላም። የስልኩን መብራት አብርቶ በረጅሙ መስታወት ውስጥ አሳየኝ። "ያገለገለ ሲገዙ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚታየው፤ ውስጡ ሻጋታ ካለ ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ይለብሳል። ይሄ ንጹሕ ነው፤ ለወፍ የሚሆናትም ይሄ ነው" አለኝ። ካልሞከርኩት አልገዛም አልኩ። ካሜራ ላይ ገጥሞልኝ ደጃፉ ላይ ወጣሁ።

ቁልቁል ሳይበት እታች የምትሄድ አንዲት ሴት የጆሮዋ ጉትቻ ሳይቀር ታየኝ። ሰውን ሳያውቅ ይህን ያህል መቅረብ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ገና ሳልጠግብ፣

"አንቺ! አውርጂው! አውርጂ አልኩሽ!"

የፊት ለፊቱ ሕንፃ ጥበቃ ነው። እጁ ወደ መሣሪያው ሄዷል። ላወርደው ፈልጌ ክንዴ እምቢ አለኝ፤ ዓይኔ ላይ እንደደገንኩት ደርቄ ቀረሁ። ዘርኡ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ "ሌንስ ነው! ካሜራ ነው!" እያለ እየጮኸ መሀላችን ገባ። ጥበቃው ልጅ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ነጠላዬንና ሽበቴን ሲያይ ደነገጠ። "ይቅርታ እማማ፣ ከሩቅ ሲያዩት ሌላ ነገር ይመስላል" አለኝ። የእናቱ ልጅ ነው፣ አልተቀየምኩትም።

ምኞትዬ፣ እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ በነጠላዬ፣ የሚያውቀኝ ሰው አጠገቤ ቆሞልኝ ነው። አንቺ እዚያ ሐይቅ ዳር ብቻሽን ስትሆኚ፣ ሮጦ "ሌንስ ነው" የሚልልሽ ማን አለ?

ስለዚህ አጭሩን ገዛሁልሽ። እንዳትቆጪ። ዘርኡም ለጀማሪ እሱ ይሻላል ብሎኛል፤ ርካሽ ነው፣ አይከብድም፣ ሲመሻሽም ጥሩ ያነሣል፣ ከፊት ያለውን አጥርቶ ከኋላ ያለውን ያደበዝዛል። "ዙም ግን የለውም፤ መቅረብ ስትፈልግ በእግሯ መሄድ ነው" አለ። እሺ ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

ዳገቱን ሳልጨርስ "በእግሯ" ያለው ነገር ልቤን ያዘው። አንድ ቡና ቤት ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ፤ ሳልቀምሰው ቀዘቀዘ። ረጅሙን ብልክልሽ መሣሪያ ነው ይሉብሻል፤ አጭሩን ስልክልሽ ደግሞ ፎቶ ብለሽ እስከዚያ ሰውዬ ድረስ ትሄጃለሽ። ልመልሰው ተነሣሁ፣ መልሼ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ ታምሜ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ቤት ስገባ ያለኝ ሙያ መስፋት ነውና መያዣ ሰፋሁለት። ከእነ አክበረት መጋረጃ የተረፈ ነው፤ ቢጫ፣ አበባ ያለበት። ያስቃል፣ አውቃለሁ። አውቄ ነው እንዲያ ያደረግኩት፤ ማንም ከየትም ቢያየው መሣሪያ አይለውም። ጓደኞችሽ ቢስቁብሽም አታውልቂው፣ በሞቴ።

ወፎቹን ለጊዜው ተያቸው። የሚቀርብሽን ሰው አንሺ፤ አከራይሽን፣ የቢሮ ጓደኞችሽን፣ ቡና የምታፈላላችሁን ልጅ። ከሁሉ በፊት ግን ካሜራውን ለአንዷ ስጫትና ራስሽን አስነሺ። ይሄን ሁሉ ወፍ ስትልኪልኝ አንቺ አንዱም ላይ የለሽበትም። ክሺ፣ ወፍሪ፣ አላውቅም። ረጅሙን ሌንስ ዘርኡ ለፋሲካ እስክትመጪ ያቆይልኛል። እንጦጦም ወፍ አለ፤ እኔ ከጎንሽ ቆሜ "ሌንስ ነው!" እያልኩ እየጮህኩ ታነሺያለሽ።

ዓይንሽን የሰጠሽ አምላክ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ አንቺን የሚያይሽንም ዓይን ያለዝብልሽ። ስትወጪ ከፊትሽ፣ ስትገቢ ከኋላሽ ይሁን።

እናትሽ የሺዓለም

ፖስታውን ዘግቼ መልሼ ከፈትኩት። ያ ሰውዬ አሳ አጥማጅ ነው አይደል? ትከሻው ላይ ያለው መቅዘፊያ ነው። መቅዘፊያ ነው በይኝ፣ ልጄ። ባይሆንም በይኝ።