ሰባ ሁለት ስንት ነው?

ውድ ታናሼ፣

ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ወዲህ ከመጻፍ ሌላ መንገድ አጣሁ። ስልክ ጆሮዬ ላይ መዝጋት ትችያለሽ፤ ደብዳቤን ግን እንደማትቀጂ ስለማውቅ እስከ መጨረሻው ታነቢልኛለሽ።

ልብ ማንጠልጠል ስለማልወድ ዋናውን ላስቀድም፦ አልፌያለሁ። ኩላሊቴን ልሰጥሽ እችላለሁ።

«ካንቺ አልቀበልም፤ አንቺ ብትታመሚ ልጅሽ ምን ትለኛለች?» ብለሽ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ፣ አንቺ ከእጥበት ማሽኑ ጋር ታስረሽ ስትውዪ እኔ ምርመራዬን አንድ በአንድ ስጨርስ ነበር። ደማችን ተስማማ። ልቤም ታየ፣ ደህና ነው ተባለ። የቀረው የራሴ ኩላሊት በደንብ መሥራቱን የሚያሳየው የመጨረሻው የደም ምርመራ ብቻ ነበር።

ውጤቱን ልቀበል ስሄድ ልጄ የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ አብራኝ መጣች። መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ እንኳ ረስታለች። ውጤቱን በመስኮት ሰጡንና ዶክተሯ እስክትጠራን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። «ተዪው፣ ዶክተሯ ታንብበው» ብላት ማን ሰምቶኝ! የአምናውን ውጤት ከቦርሳዬ አውጥታ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማዬ፣ አምና ዜሮ ነጥብ ስምንት ነበርሽ።»

«አሁንስ?»

«ሰባ ሁለት።»

ክሬቲኒን የሚሉት ነገር ነው፤ ጤነኛ ኩላሊት ከደም እያጣራ የሚያስወጣው ቆሻሻ። ደም ውስጥ ሲበዛ ኩላሊት ደከመ ማለት እንደሆነ ካንቺ ሕመም ጠንቅቀን ተምረናል። «ሁለታችሁንም ላጣ ነው!» ብላ ልጄ አለቀሰች። አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ «አይዞሽ ልጄ» እያሉ ያባብሏት ጀመር። እኔም ደነገጥሁ። ለራሴ ፈርቼ አይደለም፤ ከዚያ ማሽን የምትላቀቂበት በር ሲዘጋ ታየኝ።

ጥቂት ቆይቶ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አንቺ እንኳ በጣም በታመምሽ ጊዜ አሥር ነበርሽ። ሰባ ሁለት የደረሰ ሰው እንዴት ሆኖ በእግሩ ደረጃ ወጥቶ ይመጣል? መነጽሬን አደረግሁና ከቁጥሮቹ ጎን ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አየሁ። በሁለቱ ወረቀቶች ላይ አንድ አይደለችም።

«አንቺ ልጅ፣ ደንበኛ መጥታ ወገቤ ሠላሳ ነው ብትልሽ ምን ትያታለሽ?»

«እማዬ፣ አሁን የወገብ ወሬ ነው?»

«መልሺልኝ።»

«በኢንች ነው ወይስ በሴንቲ…» ወረቀቶቹን መልሳ ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ተማሪዬ ሳለሽ ክፍሌ ውስጥም እንዲህ ነበርሽ። መለኪያውን ሳትጽፊ ወረቀቱን ለማስረከብ ትሮጫለሽ።»

ሽማግሌው ሳቁ። እኔ ግን ገና አልሳቅሁም፤ ግምቴን ሐኪም ካላረጋገጠልኝ መልስ ነው ብዬ አልቀበለውም። ዶክተሯ ጋ ስንገባ «የገባኝን ልንገርዎት፤ ከተሳሳትሁ ያርሙኝ» ብዬ ጀመርሁ። ጨርሼ እስክናገር ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ትክክል ነው መምህርት። የአምናው የተለካው በሚሊግራም፣ የዘንድሮው በማይክሮሞል ነው። ሰባ ሁለቱን በሰማንያ ስምንት ያካፍሉት» አለችና ካልኩሌተር ልታወጣ መሳቢያዋን ሳበች።

«ዜሮ ነጥብ ስምንት» አልኋት።

«መሳቢያውን ሳልከፍተው!»

እንደ አምናው ነው፣ ታናሼ! ምንም ንክች አላለም። በእኔ ዕድሜ እንዲህ የሚሠራ ኩላሊት ደስ እንደሚያሰኝ ዶክተሯ በራሷ አፍ ነገረችኝ።

አንቺ የምትፈሪውንም ጠየቅሁልሽ፦ «በአንድ ብቀር ምን ይደርስብኛል?» አላባበለችኝም። «ቀዶ ጥገና ስለሆነ አደጋ የለውም አልልዎትም፤ ለእርስዎ ግን ትንሽ ነው። የደም ግፊትዎን እየተቆጣጠሩ በየዓመቱ ይመረመራሉ» አለችኝ። «እንግዲያው አንዱ የሁለቱን ሥራ ይሠራል ማለት ነው» ስላት አረመችኝ፦ «ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሥራውን ይጨምራል፤ በጤና ለመኖር ይበቃዎታል።» መታረም እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለመስጠት ብቁ መሆኔን ጽፋ ፈረመችበት።

ኮሪደሩ ላይ ስወጣ እልልታዬን ለቀቅሁት። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ ሆስፒታል ነው እኮ!»

«መሆኑንማ አውቄ ነው!»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሆነው አጨበጨቡልኝ። ልጄ ግን እንደገና ታለቅሳለች። «አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?» ብላት «ደስ ብሎኝ፤ ደግሞም ፈርቼ» አለች። አቀፍኋት፤ በዚህኛው ላይ የማርምላት ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ከሱቋ ስትመለስ አንድ ጥቅል አልጋዬ ላይ አኖረች። ውስጡ ፊት ለፊት የሚከፈት ሰፊ የሌሊት ልብስ አለ፤ ቁስል ላይ እንዳይጠብቅ አስባበት የሰፋችው ነው። ሥሩ ሌላ አንድ ተመሳሳይ አየሁና «ሁለት ምን ያደርግልኛል?» አልኋት። «አንዱ የአክስቴ ነው። ከስታለች ስላልሽኝ ከልኳ ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትወፍርበታለች» አለችኝ።

ልጅሽ ምን ትለኛለች ብለሽ አልነበር? ያለችው ይህንን ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አብረን እንደርሳለን። ልትቀበዪን ብለሽ እንዳትወጪ፣ ጉልበትሽን ቆጥቢ። አሁንም እምቢ የምትዪበት ምክንያት ካለሽ በር ላይ ቆመሽ ንገሪኝ፤ እስክትጨርሺ በትዕግሥት እሰማሻለሁ። ከዚያ በአጠገብሽ አልፌ እገባና ሻንጣዬን አራግፋለሁ።

አሸናፊዋ ታላቅሽ