ወረቀት ላይ ስለቆሙት አርባ ሁለት መኪኖች

ለተከበሩ የሕንፃ ፈቃድና ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ማኅተምዎስ ደህና ነው? እኔ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ በሆነው ባለስድስት ፎቅ ሕንፃ በአንዱ ሱቅ ልብስ የምሰፋ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። እርስዎ ባጸደቁት ፕላን ላይ ለሠላሳው መኖሪያና ለአሥራ ሁለቱ ሱቅ አርባ ሁለት የመኪና ማቆሚያ ከሱቆቹ ሥር ባለው ምድር ቤት ውስጥ ተሥሎ አይቻለሁ። ሥዕሉ እጅግ ያምራል፤ ስለ ሥዕሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰፊውን ትዕግሥትዎን ተማምኜም ጥቂት ቅሬታዎቼን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በዚያ ማቆሚያ የሚቆመው ሶፋ ነው። የሕንፃው ባለቤት ምድር ቤቱን የቤት ዕቃ መጋዘን ካደረጉት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ስለዚህ የነዋሪውም፣ የገበያተኛውም፣ የዕቃ አመላላሹም መኪና ወደ ሕንፃው በምታስገባው አንዲት ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ተኮልኩሎ ይውላል።

ሁለተኛ፤ ተቆጣጣሪዎ ባለፈው ሐሙስ «በድንገት» መጥተው ማቆሚያውን ቆጥረዋል። ድንገት የሚለው ቃል የሪፖርታቸው ነው። ዘበኛችን ግን ማክሰኞ ጠዋት በየሱቁ እየዞረ «ሐሙስ እንግዳ አለብን፤ መንገዱን ልቀቁ» ብሎን ነበር። ረቡዕ ሶፋው ወጣ፤ ነጭ መስመር ተቀባ፤ ሐሙስ ማለዳ አርባ ሁለት መኪኖች ገብተው ተሰለፉ። በተፈጥሮዬ ሰው መጠርጠር አልወድም፤ ነገር ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ወርጄ አየኋቸው። ሁሉም ከመሸጫ በቀጥታ የመጡ አዲስ ናቸው፤ የአንዱም ወንበር ላስቲኩ ገና አልተላጠም። ተቆጣጣሪዎ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ መሄዳቸው የጨዋ ልጅ መሆናቸውን ይመሰክራል። ዓርብ ከሰዓት ሶፋው ተመለሰ።

ሦስተኛውን እባክዎ ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ፣ እናቴ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ ስትዘመዝም መርፌው ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ስትል ምላሷ ተሳሰረ፤ አፏ ወደ ጎን ተጣመመ። አምቡላንሱ እንደ ወፍ በሮ ቢመጣም መንገዱ አፍ ላይ ተገተረ፤ ከፊቱ የጭነት መኪና ሶፋ እያወረደ ነበር። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ከነግማሽ ፀጉሩ አስነሥቶ፣ ጎማ ያለውን ወንበሩን እየገፋ መጣ። «ጭንቅላቷን ደግፍ! አይዞሽ እናቴ፣ ደረስን!» እያለ በመኪኖቹ መሀል እስከ አምቡላንሱ ገፋናት፤ ወንበሩ በማያልፍበትም ተሸከምናት። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ...» አለኝና ንግግሩን ሳይጨርስ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ።

እናቴ በሕይወት አለች፤ ትስቃለች፤ ትቆጣኛለችም። ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ወዲህ መርፌ አልያዘም። በግራዋ ትሞክርና ታሳየኛለች፤ «አምሯል» እላታለሁ፤ ዘወር ስትል ፈትቼ እንደገና እሠራዋለሁ። እጇን የወሰደባት በሽታ መሆኑን አላጣሁትም። ያቺን «ትንሽ» የወሰደብን ማን እንደሆነ ግን በእርስዎ መዝገብ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ልመና ብቻ። አንድ ቀን ለጸሐፊዎም፣ ለተቆጣጣሪዎም ሳይነግሩ፣ በራስዎ መኪና ይምጡልን። ማቆሚያ ካገኙ ይህን ሁሉ የጻፍኩት በቅዠት ነው ብዬ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሕግ በወረቀት ላይ እንዲህ ተከብሮ እንዲኖር ለሚያደርጉት ያልተቋረጠ ድካም ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ መንገዱ ሁሉ ለእርስዎ ክፍት እንዲሆን እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት እርስዎን ላሳጣ አስቤ አይደለም። ከዚህ በፊት ሁለት ደብዳቤ አሽጌ፣ «ለኃላፊው ብቻ» ብዬ ጽፌበት ለቢሮዎ ሰጥቼ ነበር። በሳምንቱ የሕንፃው ባለቤት ሱቄ ድረስ መጥተው ሁለቱንም በቃላቸው ወጡልኝ፤ የፊደል ስህተቴንም አረሙልኝ። ይኸኛውን እንኳ ሁለታችሁ እኩል እንድታነቡት ብዬ ነው።