ሆድህን የማውቀው እኔ ነኝ

ለቀድሞው እጮኛዬ፣

እንደምን ከረምህ? ሆድህስ? ሰው በደብዳቤ የሆድ ደህንነት አይጠይቅም፤ እኔ ግን ካንተ አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። እኔ ደህና ነኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዜብ መጣችብኝ። ያንተ አዜብ፣ ከኔ በኋላ የመጣችው። እኔ የገዛሁልህን ግራጫ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች። ማን እንደሆንኩ አልነገርካትም፤ ስለ አንጀትና ጭንቀት የምታጠና ልጅ ናት ብለው ነው የጠቆሟት። «እህቴ፣ የኔ ጌታ በምድር ስር ባቡሩ፣ ቱነልባና ውስጥ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያልበዋል፤ ምን ላብላው?» አለችኝ። የኔ ጌታ! እንዲህ ብዬህ አላውቅም፤ ለምን እንዳላልኩህ እስካሁን ይቆጨኛል። ቀንቻለሁ፣ አልክድም።

የሰርጋችን ቀን ሊቆረጥ ሲል ቤተሰብህ «ዘር ይጣራ» አሉ። እናቴ ሰው በተሰበሰበበት ልቧ እየመታ ጥላ እንደምትወጣ የነገርኩት ላንተ ብቻ ነበር። እናትህ እትዬ ሙሉወርቅ «ዘራቸው ጭንቀታም ነው፣ ለልጅ ልጆቼ አልፈልግም» ሲሉ አንተ አጠገባቸው ሆነህ ምንጣፉን ታይ ነበር። እኔም አንተን ራስህን ጭንቀት ሆድህን እንደሚቆርጥህ እያወቅሁ ዝም አልኩ። አንተ ዝም ብለህ ሸጥከኝ፤ እኔ ዝም ብዬ ሸፈንኩህ።

ለእትዬ ሙሉወርቅ ንገርልኝ፤ ጭንቀትን የሚያወርስ አንድ የተረገመ የዘር ቅንጣት፣ ጂን የሚሉት፣ የለም። ብዙ ትንንሽ ናቸው፤ በየቤቱ አሉ፣ በእርሳቸውም ቤት። ዕድሉን ከፍ ያደርጉ ይሆናል እንጂ አይፈርዱም። አንጀት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖችም ከአንጎል ጋር መልእክት ይለዋወጣሉ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚደነግጥ ገና እየፈለግን ነው። «ሆዴ ፈራ» የሚለውን አማርኛችንን ለፕሮፌሰሬ ብተረጉምላት «ጻፊው!» አለችኝ።

አዜብን «ዝንጅብል አፍዪለት» አልኳት። ዝንጅብል! መድኃኒትህን ነፈግኳት። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ሺስታ ጣቢያ ሲደርስ መውረድ፣ እጅህን ይዞ እስከ ቀጣዩ ጣቢያ ሁስቢ በእግር መሄድ፣ እስክትስቅ ድረስ የማይረባ ነገር ማውራት። እሱን አልሰጣትም። የኔ ነው።

ሚስጥርህን ግን አላወጣም። ራስህ ንገራት፣ ሐኪም ጋም ሂድ። የእናቴን ጓዳ ያወጣ አፍ አንድ ቀን ስለ ራሱ ይናገር። እሷ የዋህ ናት፤ እንደኔ ምንጣፍ እያየህ አትሸኛት።

አምላክ ሆድህን ያሳርፍልህ። ለእናትህም ጤና ይስጥልኝ፤ ከልቤ ነው፣ ግማሹ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ሺስታ ወርጄ እስከ ሁስቢ በእግር ሄድኩ። ወደ ቤቴ፣ ወደ ዩልስታ የሚወስደኝ ባቡር በዚያ እንደማያልፍ ታውቃለህ።

የቀድሞ እጮኛህ