ኩሬውን የጠረጉት የመጋዘን ኃላፊ፦ የአቶ ወልደጻድቅ ሞሉ የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ ወልደጻድቅ ሞሉ ከአባታቸው ከአቶ ሞሉ ገብረመስቀል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሪቱ በ1922 ዓ.ም. በጉራጌ አገር፣ ጉመር ተወለዱ። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ከቆጠሩ በኋላ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው አጎታቸውን ተከትለው ነገሌ ቦረና ገቡ። ሱቅ ሲጠብቁ ኦሮምኛ ለመዱ። መንገድ ላይ የቦረና ሽማግሌ ካገኙ ሰላምታው ሳያልቅ ስለማይንቀሳቀሱ እናታችን ገበያ ልከዋቸው ቶሎ ተመልሰው አያውቁም። በ1949 ዓ.ም. ወይዘሮ አበዛሽን አግብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ ቆዳና ሌጦ ነጋዴ ድርጅት የነገሌ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ምን ያለ ደግ ዘመን ነበር! ከሻኪሶና ከሜጋ መኪና ሲገባ ግቢው በሰው ይሞላል። አባታችን ቆዳ ላይ የተባይ መርዝ የሚነሰንሱትን ሠራተኞች አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ አያስገቡም፤ ያሳለውን ደመወዙን ሳይነኩ ያሳርፋሉ፤ ምሳም አብረዋቸው ይበላሉ። ያ ሳቃቸው ዛሬም ይናፍቀናል።

በ1971 ዓ.ም. በበጋው ግን ተሳሳቱ። ከመጋዘኑ ጀርባ በእሾህ የታጠረ ደረቅ ጉድጓድ ነበር። ደጋ ላደገ ሰው ውሃ የሌለው ኩሬ፣ ኩሬ አይመስልምና የመርዙን ጥራጊ እዚያ አስጣሉ። ቦረናዎቹ ያጠሩት የዝናቡን ውሃ ለከብቶቻቸው ብለው ነበር። ዝናቡ መጣ፤ ኩሬው ሞላ፤ የሽማግሌው የአቶ ዳባሶ ዘጠኝ ጥጆች ጠጥተው ሞቱ። ሁሉም በሽታ ነው አለ። እውነቱን የተረዱት አባታችን ለድርጅቱ ቢያሳውቁ፣ ዝም እንዲሉ በቴሌግራም ታዘዙ። እናታችንም ልጆቹን ያስቡ ብለው ለመኗቸው።

አባታችን ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ከተሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ሄደው ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። አቶ ዳባሶም፣ «አንቱ ባይነግሩን ኖሮ ላሞቹንም እናጠጣ ነበር። ናጋ ይሁን፤ ሰላም ይሁን። ሲደርቅ አብረን እንጠርገዋለን» አሉ።

ድርጅቱ አባታችንን አባረራቸው፤ የምንኖርበትንም የድርጅቱን ቤት ተቀማን። በቀጣዩ በጋ ኩሬው ሲደርቅ ግን የቀድሞ ሠራተኞቻቸው ሳይጠሩ አካፋ ይዘው መጡ። ከቦረናዎቹ ጋር ሃያ ሁለት ቀን አፈሩን እየዛቁ ከብት በማይደርስበት ቦታ ቀበሩት።

አባታችን ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ጨውና ገመድ እየሸጡ ኖሩ። በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። ወይዘሮ አበዛሽ፣ ልጆቻቸው ኃይለሚካኤልና ሚስራ፣ ሦስት የልጅ ልጆችም አሏቸው። አቶ ዳባሶም ከቤተሰቡ ጋር ሐዘን ተቀምጠዋል።

ይህን የጻፍኩት እኔ ሚስራ ነኝ። ቤታችንን በተቀማንበት ዓመት ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሰው ቤት ተቀጠርኩ። አባቴ በታመሙበት አልጋ ላይ ሆነው፣ «ተቀይመሽኛል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ፊቴን አዞርኩባቸው። እግዚአብሔር ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልኝ። ተቀይሜዎት ነበር፣ አባቴ። አሁን ግን ልጅዎ በመሆኔ እኮራለሁ።