የአሮጌዎቹ እስፒከሮች ቤዝ

ሐሙስ፣ ጥር 13 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ

አቶ ሸዋረጋ ለእሑዱ የልጃቸው ሠርግ ሙዚቃ ሊከራዩ ዛሬ ሱቄ መጥተው አሮጌዎቹን ትልልቅ እስፒከሮቼን አዳመጡ። እሳቸው የመረጡትን አገሩ ሁሉ ይከተላል። ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ግን የለም።

«ልጄ፣ ዘፋኙስ መጥቷል፤ ከበሮ መቺው የት ቀረ?» ብለው ወደ ተፎካካሪዬ ሱቅ ተሻገሩ።

ድምፁ እንዲወፍር ብዬ ትናንት ባለቤቴ ጽጌ ለባና ብርድ ልብስ ያጠበችውን የበግ ጠጉር የእስፒከሮቹ ሳጥኖች ውስጥ ጠቅጥቄ ነበር። «ባና አልብሰኸው ይተኛል እንጂ ይዘፍናል?» አለችኝ። ጠጉሩን ላወጣ አንዱን እስፒከር ነቀልኩ። የቀረው ብቻውን ከሁለቱ ይልቅ አጓራ። ለካ የአንዱን ቀይና ጥቁር ገመድ አቀያይሬ ስላሰርኩት፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ቤዙን ሲያጠፉት ኖረዋል። ገመዱን አስተካክዬ ሁለቱንም ስከፍት መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ።

አቶ ሸዋረጋ ሰምተው ተመለሱ። በሩ ላይ ቆመው ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«ይኸን ነበር የፈለግሁት። ግን ለዚያኛው ቃሌን ሰጠሁ።»

አልለመንኳቸውም። ቃሉን ያጠፈ ሰው የመረጠውን ማን ይከተላል? የጥር ሠርግ ገና አላለቀም። ድምፁን ሳልቀንስ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። እስካሁን የገባ የለም።