አስር በመቶ፣ ግን ከስንት?

ለምወድህ ልጄ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ ወገቤ ካልሆነ ደህና ነኝ።

ዛሬ የጎልማሶች ክፍል መምህራችን «የአንድ ሻጭ ኮሚሽን አስር በመቶ ነው፤ ገቢው ስንት ነው?» ሲል ጠየቀ። አብራኝ የምትማረው ልብስ ሰፊ «አስር!» ብላ ጮኸች።

«ስንት እንደሸጠ ሳይነገረን? መረጃው አይበቃም» አልኩ።

«ጎሽ፣ እማማ!» አለኝ።

«ሴት ፊደል ምን ያደርግላታል?» ይል የነበረው አባትህ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ቆጨኝ።

አንተም በሦስት ደብዳቤ «ኮሚሽኔ አስር በመቶ ነው፤ አታስቢ» ብለሃል። ስንት ፍሪጅ እንደሸጥክ ግን አልጻፍክም። ድሮ ደብዳቤህን የምታነብልኝ ወሬኛዋ ጎረቤታችን ነበረች፤ አሁን የማነበው እኔው ነኝ። ስለዚህ ቁጥሩን ጻፍልኝ። ዜሮም ቁጥር ነው ብሎናል መምህራችን፤ የቤታችን በር ቁልፍም አልተቀየረም።

በገዛ እጇ የጻፈችልህ፣
እናትህ